የታንከር ከፍታ መለኪያዎችን ከፒኤልሲ ጋር በሁለት ሽቦ ማገናኘት

ቃሊቲን አልፋችሁ ወደ ገላንና ዱከም ስትወጡ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከአጥር በላይ አንገታቸውን ያወጡ ታንከሮች ታያላችሁ። ዘይት፣ ውሃ፣ ነዳጅ፣ የሳሙና ጥሬ ዕቃ ይይዛሉ። በብዙ ግቢ ውስጥ ዛሬም የማታ ተረኛው ባትሪውን ይዞ መሰላል ይወጣል። ክዳኑን ከፍቶ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበትን ሜትር ወደ ታች ይለቃል። ክረምት ሲገባ ያ መሰላል ያንሸራትታል። ይህን ሥራ የጀመርኩት ሰው ከዚያ መሰላል እንዲወርድ ብዬ ነው።

ግን ሰውየውን ስናወርደው በዓይኑ ፈንታ ቁጥር እንተካለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ስክሪኑ ሌሊቱን ሙሉ 3.10 ሜትር እያለ አደረ። ጠዋት ስደርስ ዘይቱ በታንከሩ ጎን ወርዶ ጥቁሩን አፈር አርሶታል። መለኪያው ጤነኛ ነበር። ፒኤልሲውም፣ ማለትም ቁጥሩን ተቀብሎ ፓምፖቹን የሚያዝዘው የፋብሪካ ኮምፒውተር፣ ጤነኛ ነበር። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ አንድ ሽቦ ከተርሚናሉ ወጥቷል። ፒኤልሲው ደግሞ የመጨረሻውን ቁጥር እንደያዘ ቀጥሏል። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ውስጡ ግን «ይህ ቁጥር የመጣው መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድም መስመር አልነበረም።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሽቦ ስለማሰር ብቻ አይደለም። ግማሹ ሥራ ቁጥሩ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ነው።

እንደ ምሳሌ ስድስት ታንከር ያለበትን ግቢ እንውሰድ። እያንዳንዱ ቁመቱ 6 ሜትር፣ የጎን ስፋቱ 4 ሜትር ነው። አራቱ ዘይት ይይዛሉ፤ ከላይ ራዳር ተገጥሞላቸዋል። ሁለቱ የውሃ ናቸው፤ ውስጣቸው የግፊት ሴንሰር ተንጠልጥሏል። የፒኤልሲው ፓነል ከመጨረሻው ታንከር 180 ሜትር ይርቃል።

በእርግጥ ሲሪያል ያስፈልጋችኋል?

ሲሪያል ማለት መለኪያዎቹ በአንድ ኬብል ላይ ተራ በተራ ቁጥር የሚልኩበት መንገድ ነው። አንድ ወይም ሁለት ታንከር ብቻ ካላችሁ፣ ምክሬ 4-20 ሚሊአምፔር ተጠቀሙ ነው። ለእያንዳንዱ መለኪያ አንድ ጥንድ ሽቦ፣ በፒኤልሲው በኩል አንድ አናሎግ መግቢያ፤ በቃ። ሽቦው ሲበጠስ ኤሌክትሪኩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ባዶ ታንከር 4 ሚሊአምፔር ስለሚያሳይ ዜሮው ብልሽት እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ታንከሩ ሲበዛ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስድስት ጥንድ ሽቦ ለ180 ሜትር መጎተት ውድ ነው። ሲሪያል ሲሆን አንድ ኬብል ሁሉንም እየነካ ያልፋል። ከከፍታው ጋር የሙቀት መጠኑን፣ የሲግናሉን ጥንካሬና የመሣሪያውን የጤና ሁኔታም ይዞላችሁ ይመጣል። በልዋጩ፣ ሽቦው ሲበጠስ በራሱ የሚናገር ነገር የለም። ዝምታውን ማዳመጥ የእናንተ ፕሮግራም ሥራ ይሆናል።

ሲሪያል ስል አርኤስ-485ን ማለቴ ነው። አርኤስ-232 ሁለት ዕቃዎችን ብቻ ያገናኛል፤ ርቀቱም በተለምዶ 15 ሜትር አካባቢ ነው። ጠረጴዛ ላይ እንጂ ታንከር ግቢ ውስጥ አይሆንም። አርኤስ-485 በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል። በአንድ መስመር ላይ 32 መደበኛ ዕቃዎችን ይሸከማል። በዚያ ሽቦ ላይ የሚነገረው ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ ሞድበስ ነው። ሞዲኮን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ነው። ዕድሜው ገፍቷል፤ ግን ቀላልና ክፍት ስለሆነ ገበያ ላይ የምታገኙት መለኪያ ሁሉ ማለት ይቻላል ያውቀዋል።

አሠራሩን ለተለማማጆች ሳስረዳ የዕድር ስብሰባን እጠቅሳለሁ። ጸሐፊው ስም ይጠራል። የተጠራው ብቻ «አቤት» ይላል። ሌላው ዝም ይላል። ሳይጠራ የሚናገር የለም። ፒኤልሲው ጸሐፊው ነው፤ መለኪያዎቹ አባላቱ ናቸው። ስሙ ቁጥር ነው፤ ከ1 እስከ 247። ሁለት አባላት አንድ ስም ከያዙ ሁለቱም አንዴ ይመልሳሉ፤ ጸሐፊው ግን አንዱንም አይሰማም።

ኬብል ከመግዛታችሁ በፊት ግቢውን በእግራችሁ ዙሩ

ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ውጡ። መስመሩ ከፓነሉ ተነስቶ የመጀመሪያውን ታንከር፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን እያለ በሰንሰለት መሄድ አለበት። ከአንድ ሳጥን ወደ ስድስት አቅጣጫ እንደ ኮከብ መዘርጋት አይሆንም። ሲግናሉ በየቅርንጫፉ ጫፍ ተጋጭቶ ይመለሳል፤ የመጣውንም ያበላሻል። ከዋናው መስመር ወደ መለኪያው የምትወጣው ቅጥያ በተቻለ መጠን ትጠር፤ ከአንድ ሜትር ባትበልጥ ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኬብሉ ራሱ መለኪያው ውስጥ ገብቶ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ስትዞሩ የሞተር ኬብሎች የት እንደሚያልፉ አስተውሉ። በተለይ በቪኤፍዲ (በሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) የሚነዱ ፓምፖች ካሉ ተጠንቀቁ። የቪኤፍዲ የሞተር ኬብል እንደ ራዲዮ ጣቢያ ይረብሻል። ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ራቁ። መሻገር ግድ ከሆነ ቀጥ ብላችሁ በ90 ዲግሪ ተሻገሩ። በአንድ ትሬይ ላይ ጎን ለጎን 100 ሜትር አብሮ መጓዝ ግን ችግርን ገንዘብ ከፍሎ መግዛት ነው።

አፈሩንም እዩት። ከአቃቂ ወዲያ ብዙው ቦታ ጥቁር ኮትቻ ነው። በክረምት ይነፋል፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በቱቦ ያልገባ ኬብል ከመሬቱ ጋር አብሮ ይጎተታል። ቱቦ ውስጥ ያለውም ቢሆን፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ ትርፍ ካልተተወለት፣ ከዓመት በኋላ ተርሚናሉን መሳብ ይጀምራል። ያን ሌሊት ከተርሚናሉ የወጣው ሽቦ ታሪኩ ይኸው ነው። እኔ አሁን በየሳጥኑ ግማሽ ሜትር ያህል ኬብል ጠቅልዬ እተዋለሁ። ከተቻለ ደግሞ ከመሬት በላይ በትሬይ ማስኬድን እመርጣለሁ።

ኬብሉ የተጠማዘዘ ጥንድና ሺልድ (ከረብሻ የሚከላከል የብረት ልባስ) ያለው ይሁን፤ ባሕሪው፣ ማለትም ለሲግናሉ ያለው ኢምፒዳንስ፣ 120 ኦም የሆነው ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው። ከጥንዱ በተጨማሪ አንድ ሦስተኛ ሽቦ ያለበትን ፈልጉ፤ ለምን እንደሆነ ወደኋላ እነግራችኋለሁ። የኔትወርክ ኬብል ባሕሪው 100 ኦም ነው። ለአጭር ርቀት ይሠራል፤ ግን ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ተርሚናል ውስጥ ቶሎ ይሰበራል። ለቤት እንጂ ለፋብሪካ አላምነውም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ታንከሩ ነዳጅ ወይም አልኮል የሚይዝ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ብቻውን አይበቃችሁም። ለሚፈነዳ ጋዝ የተፈቀደ መለኪያ፣ የተፈቀደ ማገናኛ ሳጥንና የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጋዝ ሳይለካ ክዳን አይከፈትም፤ ድሪልም አይነሳም። ወደ ታንከር ውስጥ ብቻውን የሚገባ ሰው አይኑር። ባዶ የውሃ ታንከርም ቢሆን አየር ሊያጥረው ይችላል።

መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ

ብዙ ሰው መለኪያውን ከካርቶኑ አውጥቶ ቀጥታ ታንከሩ ላይ ይሰቅላል። ከዚያ ዝናብ ላይ ቆሞ ላፕቶፕ በጃንጥላ ሸፍኖ አድራሻ ይቀይራል። አታድርጉት። ስድስቱንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፣ ዩኤስቢውን ወደ አርኤስ-485 የሚለውጥ ትንሽ ማገናኛና ነጻ የሞድበስ መሞከሪያ ፕሮግራም ይበቃችኋል።

መለኪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ብዙ ጊዜ 1። ስለዚህ አንድ በአንድ ብቻ እያገናኛችሁ ቀይሩ። እኔ ለታንከር አንድ 11፣ ለታንከር ሁለት 12 እያልኩ እሰጣለሁ። 1ን ባዶ እተዋለሁ። ነገ አዲስ መለኪያ ተገዝቶ በ1 ሲመጣ ከማንም ጋር አይጋጭም። አድራሻውን ስትቀይሩ ብዙዎቹ መለኪያዎች መብራት ጠፍቶ እስኪመለስላቸው በአሮጌው ስም ይመልሳሉ። አጥፍታችሁ አብሩ፤ በአዲሱ ስም ጥሩት፤ ከመለሰ ቁጥሩን በማይጠፋ ማርከር አካሉ ላይ ጻፉ።

በዚሁ ጠረጴዛ ላይ የመነጋገሪያ ፍጥነቱንም አስተካክሉ። የሞድበስ ደንብ 19200 ፍጥነትና ኢቭን ፓሪቲ (ስህተት ለመያዝ የሚጨመር ቢት) ነው የሚለው። ብዙ መለኪያዎች ግን በ9600 ይመጣሉ። እኔ 9600፣ 8 ቢት፣ ኢቭን ፓሪቲ፣ 1 ስቶፕ ቢት አደርጋለሁ። ስድስቱም መለኪያዎችና ፒኤልሲው በአራቱም ነገር አንድ መሆን አለባቸው። አንዱ እንኳ ቢለይ ዝምታ ነው የምታገኙት።

ፍጥነት ለመጨመር አትጓጉ። እናስላው። አንድ ጥያቄ 8 ባይት ነው፤ መልሱ ደግሞ ለአንድ የከፍታ ቁጥር 9 ባይት። በ9600 ላይ ይህ 20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። መለኪያው የሚያስብበትን 50 ሚሊ ሰከንድና በየመልእክቱ መሃል የሚያስፈልገውን ዝምታ ጨምሩበት። አንድ ታንከር 80 ሚሊ ሰከንድ፣ ስድስቱ ግማሽ ሰከንድ። አሁን ታንከሩን አስቡ። በሰዓት 30 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ 4 ሜትር ስፋት ያለውን ታንከር በደቂቃ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚያደርገው። በየሁለት ሰከንዱ ብትጠይቁት ከበቂ በላይ ነው። ዝግ ያለው ፍጥነት ደግሞ ረጅም ኬብልንና ረብሻን በደንብ ይችላል።

ሽቦውን ማሰር

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉና ቆልፉ።

ትልቁ ግራ መጋባት የሚመጣው ከሁለቱ ሽቦዎች ስም ነው። አንዱ ኤ፣ ሌላው ቢ ይባላል። ችግሩ፣ የአንዱ ፋብሪካ ኤ የሌላው ቢ ነው። በሲመንስ ዕቃ ቢ የሚባለው ፖዘቲቩ ነው። በሌሎች ብዙ ዕቃዎች ግን ኤ ነው ፖዘቲቩ። ስለዚህ ፊደሉን ትታችሁ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን ተከተሉ። ምልክት ከሌለ በቴስተር ለኩት። መስመሩ ዝም ብሎ ሳለ ፖዘቲቩ ከኔጋቲቩ አንጻር በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ተገላብጦ ቢታሰር የሚቃጠል ነገር የለም። መልስ ብቻ አይመጣም። አገላብጡና ሞክሩ።

የሽቦው ጫፍ ላይ ተጨምቆ የሚገባውን ትንሽ የብረት ቆብ አድርጉ። ባዶ ክር ተርሚናል ውስጥ ጠምዝዞ ማስገባት ለስድስት ወር ይሠራል፤ ከዚያ ይላላል። ካቻቢቴውን ካጠበቃችሁ በኋላ ሽቦውን በእጃችሁ ሳብ አድርጉት። ከወጣ አሁን ይውጣ።

ከዚያ ሲግናሉ ጫፍ ላይ ተጋጭቶ እንዳይመለስ የሚያደርገው ማብቂያው። በመስመሩ ሁለት ጫፎች፣ ማለትም ፓነሉ ጋና የመጨረሻው ታንከር ጋ፣ በሁለቱ ሽቦዎች መሃል አንዳንድ 120 ኦም ሬዚስተር ይገባል። መሃል ላይ ባሉት መለኪያዎች ግን አይገባም። አንዳንድ መለኪያ በውስጡ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ሬዚስተር አለው፤ ተከፍቶ መጥቶ እንደሆነ እዩ።

ይህን የሚፈትን በጣም የምወደው ዘዴ አለ። ሁሉንም መብራት አጥፉ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉና በሁለቱ ሽቦዎች መሃል ለኩ። 60 ኦም ገደማ ካያችሁ ትክክል ነው፤ ሁለት 120 ጎን ለጎን 60 ይሆናልና። 120 ካሳየ አንዱ ጫፍ ጎድሏል ወይም መሃል ላይ ሽቦ ተበጥሷል። 40 ካሳየ ሦስተኛ ሬዚስተር የሆነ ቦታ ተደብቋል። ዜሮ ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰዓት ፍለጋ ያድናል።

መስመሩ ማንም ሳይናገርበት ሲቀር ደግሞ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። ተቀባዩ ቺፕ በእርግጠኝነት ለመለየት ቢያንስ 0.2 ቮልት ልዩነት ይፈልጋል። ለዚህ በአንድ ቦታ ብቻ ፖዘቲቩን ወደ ላይ፣ ኔጋቲቩን ወደ ታች የሚጎትቱ ሬዚስተሮች ይገባሉ። አብዛኛው የፒኤልሲ ሲሪያል ሞጁል ይህን በውስጡ ይዟል ወይም በሴቲንግ ይከፈታል። ክፈቱት። ካልተከፈተ መለኪያው አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ይተዋል፤ ያ ደግሞ ከሙሉ ዝምታ የባሰ ያደክማል።

ሺልዱን በአንድ በኩል ብቻ ከምድር ጋር እሰሩ፤ ፓነሉ ጋ። በየሳጥኑ ሺልዱ ከሺልድ ጋር ይቀጥል፤ ከታንከሩ አካል ጋር ግን አይነካካ። በሁለቱም ጫፍ ካሰራችሁት የሁለቱ ቦታ ምድር ልዩነት በሺልዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስኬዳል።

ያ ሦስተኛ ሽቦ እዚህ ነው የሚያስፈልገው። አርኤስ-485 በሁለት ሽቦ ይሠራል ቢባልም፣ ሁሉም ዕቃዎች የጋራ ዜሮ ያስፈልጋቸዋል። ቺፑ ከራሱ ዜሮ አንጻር በሁለቱም ሽቦ ላይ የሚችለው ከመቀነስ 7 እስከ 12 ቮልት ድረስ ነው። 180 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ታንከርና የፓነሉ ምድር በቀላሉ ከዚያ በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ሦስተኛው ሽቦ የሲግናል ዜሮዎችን ያገናኛል። ታንከሩ ከሌላ ሕንፃ መብራት የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ወገን የሚለይ አይሶሌትድ ሪፒተር መሃል ላይ አስገቡ።

ከሰኔ እስከ መስከረም የከተማው ዳር በመብረቅ ይናወጣል። መብረቁ ኬብሉን ባይመታም እንኳ ግቢው አጠገብ ሲወድቅ ረጅሙ ሽቦ ኃይሉን ይሰበስባል። በፓነሉ መግቢያና በታንከሮቹ በኩል የመብረቅ መከላከያ አድርጉ። መከላከያው አጭርና ወፍራም በሆነ ሽቦ ከጥሩ ምድር ጋር ካልተያያዘ ጥቅም የለውም። ብዙ ቦታ መከላከያው ተገዝቶ ተገጥሞ፣ የምድሩ ሽቦ ግን ተንጠልጥሎ አይቻለሁ።

የትኛውን ሳጥን እንክፈት?

ሽቦው ካለቀ በኋላ ጥያቄው የትኛው ቁጥር የት እንዳለ ነው። መለኪያው ውስጥ ሬጅስተር የሚባሉ ትናንሽ ሳጥኖች አሉ። እያንዳንዱ 16 ቢት ይይዛል። የመለኪያው መጽሐፍ «ከፍታው 40001 ላይ ነው» ይላል። ሽቦው ላይ የሚሄደው ቁጥር ግን 0 ነው፤ የመጀመሪያው 4 የሳጥኑን ዓይነት ነው የሚነግረው፤ የቀረው ቆጠራ ደግሞ በመልእክቱ ውስጥ ከ0 ይጀምራል። የላፕቶፕ ፕሮግራማችሁ ከ0 ይቆጥር፣ ፒኤልሲያችሁ ከ1 ይቆጥር ይሆናል። በአንድ ቁጥር ስትሳሳቱ የጎረቤቱን ሳጥን ታነባላችሁ። ከፍታ ፈልጋችሁ ሙቀት ታገኛላችሁ።

ከፍታው ነጥብ ያለው ቁጥር ከሆነ ሁለት ሳጥን ይይዛል። አድራሻው 1 የሆነ መለኪያ ጠረጴዛ ላይ እያለ እንጠይቀው። የምንልከው (ቁጥሮቹ በ16 መሠረት፣ በሄክሳዴሲማል የተጻፉ ናቸው) 01 03 00 00 00 02 ሲሆን ከኋላው ሁለት የማረጋገጫ ባይት ይከተላል። ትርጉሙ «አንተ 1፣ ከ0 ጀምሮ ሁለት ሳጥን አንብብልኝ» ነው። መልሱ 01 03 04 40 88 00 00 ሆኖ መጣ እንበል። አራቱ የመጨረሻ ባይቶች በነጥብ ቁጥር ደንብ 4.25 ሜትር ማለት ናቸው።

አሁን ስህተቶቹን ተመልከቱ። ስክሪኑ 16520 ካሳየ ሁለቱን ሳጥን ሳይሆን የመጀመሪያውን ብቻ እንደ ተራ ቁጥር አንብባችኋል። ዜሮ የሚመስል እጅግ ትንሽ ቁጥር ከመጣ ደግሞ ሁለቱ ሳጥኖች ቦታ ተለዋውጠዋል። አንዳንዱ ፋብሪካ ትልቁን ሳጥን ያስቀድማል፤ ሌላው ያስከትላል። ፕሮግራሙ ላይ አዟዙሯቸው። 4.25ን ይዛችሁ መሞከር ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሳያችኋል።

መለኪያው «አንብብ» በሚለው 03 ፈንታ 04 የሚባለውን ጥያቄ ብቻ የሚቀበል ሊሆንም ይችላል። መጽሐፉን እዩ። 03 ጠይቃችሁ በመልሱ ሁለተኛ ቦታ ላይ 83 ከመጣ አትደንግጡ። መለኪያው «ሰምቻችኋለሁ፤ የጠየቃችሁትን ግን አልችልም» እያላችሁ ነው። ቀጥሎ 02 ካለ የሳጥኑ ቁጥር ተሳስቷል። ይህ ጥሩ ዜና ነው። ሽቦው፣ ፍጥነቱ፣ አድራሻው ሁሉ ትክክል ነው ማለት ነው።

ራዳር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ራዳሩ የሚለካው ከራሱ እስከ ፈሳሹ ያለውን ባዶ ርቀት ነው። ከፍታውን ከታንከሩ ቁመት ቀንሶ ያገኘዋል። ሁለቱም ቁጥሮች በተለያዩ ሳጥኖች ይቀመጣሉ። ታንከሩ ሲሞላ ቁጥሩ የሚወርድ ከሆነ የባዶውን ርቀት እያነበባችሁ ነው።

ፕሮግራሙ፤ ልቡ እዚህ ነው

ጸሐፊው ሁለት ስም አንዴ አይጠራም። አድራሻ 11ን ጠይቁ፤ መልሱን ወይም የጊዜውን ማለቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ወደ 12 እለፉ። ስድስቱንም ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚያስነሳ ፕሮግራም አንዱንም በትክክል አያነብም። በሲመንስ ኤስ7-1200 የምትሠሩ ከሆነ፣ በአንድ ፖርት ላይ የምትጠሯቸው የሞድበስ ማስተር ብሎኮች ሁሉ አንድ ኢንስታንስ ዳታ ብሎክ መጋራት አለባቸው። ለየብቻ ከሰጣችኋቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ።

የመጠበቂያ ጊዜውን ግማሽ ሰከንድ አድርጉ። ካልመለሰ ሁለቴ ድገሙለት። ሦስቱም ካልተሳኩ ታንከሩን «አይሰማም» ብላችሁ መዝግቡና ወደ ቀጣዩ ሂዱ። አንድ የሞተ መለኪያ ሌሎቹን አምስት ማስቆም የለበትም።

አሁን ያ እኔ ያልጻፍኩት መስመር። ለእያንዳንዱ ታንከር የዕድሜ ቆጣሪ ይኑር። ትክክለኛ መልስ በመጣ ቁጥር ወደ ዜሮ ይመለሳል። ካልመጣ በየሰከንዱ አንድ ይጨምራል። 10 ሲደርስ ሦስት ነገር አብሮ ይሁን። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ይጥፋና በቦታው ሰረዝ ይታይ። ማንቂያው ይጩህ። ያንን ታንከር የሚሞላው ፓምፕ ይቁም። በ10 ሰከንድ ውስጥ ዘይቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ነው ከፍ የሚለው። ምንም አይፈስም።

ቁጥሩን ግራጫ ማድረግ ብቻ በቂ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደከመ ሰው ግራጫና ነጭ አይለይም። ሰረዝ ግን ቁጥር አይደለም፤ ሊታለል አይችልም።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ግንኙነቱ ጤነኛ ሆኖ መለኪያው ራሱ ሊደርቅ ይችላል፤ እየመለሰ፣ ግን ያንኑ ቁጥር እየደጋገመ። በእንግሊዝ አገር በበንስፊልድ የነዳጅ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 የሆነው ይኸው ነው። ታንከሩ እየሞላ መለኪያው አንድ ቁጥር ላይ ቆመ። ራሱን ችሎ ማቋረጥ የነበረበት የላይኛው ስዊችም አልሠራም። ነዳጁ ሞልቶ ፈሰሰ፤ እንፋሎቱ ፈነዳ። ከ40 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። ስለዚህ ሁለተኛ መስመር ጻፉ። የመሙያው ፓምፕ እየሠራ ከፍታው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ካልተንቀሳቀሰ ማንቂያ ይጩህ። በእኛ ምሳሌ በዚያ ጊዜ ውስጥ 12 ሴንቲ ሜትር መነሳት ነበረበት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለውንም አትርሱ። ፒኤልሲው ቶሎ ይነሳል፤ ራዳሩ ግን ለመንቃት ጊዜ ይወስዳል። በመሃሉ የከፍታው ቁጥር 0 ከሆነ ፕሮግራሙ «ታንከሩ ባዶ ነው» ብሎ ፓምፕ ያስነሳል። ሲነሳ ሁሉም ታንከር «አይሰማም» በሚለው ይጀምር። የመጀመሪያው ትክክለኛ መልስ እስኪመጣ ፓምፕ አይነሳ።

ከዚህ ሁሉ ውጭ፣ ታንከሩ ጫፍ አጠገብ ተራ ተንሳፋፊ ስዊች ይኑር። ሽቦው በሲሪያሉ ሳይሆን በቀጥታ የፓምፑን ኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ) ያቋርጥ። በፕሮግራም አያልፍም፤ ፒኤልሲው ቢሞትም ይሠራል። ባለቤቱ ወጪ እንቀንስ ሲል መጀመሪያ የሚነሳው ይህ ነው። እኔ ያለ እሱ ሥራ አላስረክብም።

በእጅ ከተለካው ጋር ማስተያየት

የማታ ተረኛውን ሜትር ገና አትጣሉት። ሦስት ከፍታ ላይ፣ ታች፣ መሃልና ላይ፣ በእጅ ለኩና ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ። ሁሉም ቦታ ላይ እኩል ልዩነት ካለ የታንከሩ ቁመት ተሳስቶ ገብቷል። ልዩነቱ ከከፍታው ጋር የሚያድግ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

የግፊት ሴንሰር ላይ ያ ሌላ ነገር ብዙ ጊዜ የፈሳሹ ክብደት ነው። አንዱን የውሃ ሴንሰር አንስታችሁ ወደ ዘይት ብታዛውሩት፣ ዘይት ከውሃ ስለሚቀል 4 ሜትሩን 3.68 ገደማ ብሎ ይነግራችኋል። የዘይቱ ክብደት ከውሃው 0.92 ያህል ነውና። ቁጥሩን አስገቡለት።

እኛ አካባቢ ደግሞ ከፍታችን ራሱ ጉዳይ አለው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አቃቂና ገላንም ከ2000 ሜትር ይበልጣሉ። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። የምትገዙት ሴንሰር የአካባቢውን አየር የሚያገናዝብ ዓይነት ይሁን፤ በኬብሉ ውስጥ ቀጭን የአየር ቱቦ ያለው። የአየሩን ግፊት በባሕር ጠረፍ ልክ ቆጥሮ የሚቀንስ ከሆነ ከ2 ሜትር በላይ የውሃ ከፍታ ይሰርቃችኋል። ያቺን ቀጭን ቱቦ በናስትሮ አትድፈኗት። እርጥበት የሚመጥጥ ከረጢት ባለበት ደረቅ ሳጥን ውስጥ ክፍት ሆና ትቀመጥ።

ታንከሩ የተጋደመ ከሆነ ከፍታው ግማሽ ሲሆን ይዘቱም ግማሽ ነው፤ ሩብ ላይ ግን ይዘቱ 20 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሊትር ማሳየት ከፈለጋችሁ የታንከሩን ሰንጠረዥ ፒኤልሲው ውስጥ አስገቡ።

ርክክቡ

የመጨረሻው ቀን ተረኞቹን ሁሉ እጠራለሁ። ፒኤልሲው ፊት እንቆማለን። አንዱ ታንከር ጋ ይሄድና ሽቦውን ይነቅላል። ሰረዙ እስኪመጣ፣ ማንቂያው እስኪጮህ፣ ፓምፑ እስኪቆም አብረን በሰዓት እንቆጥራለን። ስድስቱንም እንዲሁ። ከዚያ ዋናውን መስመር ፓነሉ ጋ እንነቅላለን። ከዚያ ብሬከሩን አጥፍተን እናበራለን። በመጨረሻ ተንሳፋፊውን ስዊች በእጅ እናነሳለን።

አንድ ጊዜ በዕድሜ የገፉ ተረኛ ይህን ሲያዩ ቆይተው «ልጄ፣ እንግዲህ ሲታመም ይናገራል ማለት ነው?» አሉኝ። አዎ ጋሼ፣ አልኳቸው፤ ካልተናገረ ሌሊትም ቢሆን ደውሉልኝ።

የፓነሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት በፕላስቲክ ለብሶ ይለጠፍ። የታንከር ቁጥር፣ የመለኪያው አድራሻ፣ ፍጥነቱና ፓሪቲው፣ የከፍታው ሳጥን ቁጥር፣ የሽቦዎቹ ቀለም፣ በርክክቡ ቀን የተለካው ኦም። የፕሮግራሙ ቅጂ በፍላሽ ሆኖ ከባለቤቱ ጋር ይቀመጥ። አንድ ትርፍ መለኪያ ካለ ፍጥነቱና ፓሪቲው ቀድሞ ተስተካክሎ፣ አድራሻው ግን 1 ላይ እንዳለ፣ መጋዘን ይግባ። ከመስከረም በኋላ ኮትቻው መድረቅ ሲጀምር ተመልሳችሁ ሂዱ፤ ሳጥኖቹን ክፈቱና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አድርጉ።